ከዶሮዋ በፊት ግቢው ይታይ

በቆቦና በራያ ቆላ ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

ለገበሬ ቤተሰብ የተሻሻለ ዝርያ ዶሮ ሲታደል አራት ነገሮች መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ እነርሱም ዝርያው፣ ክትባቱ፣ መኖውና ማደሪያ ቤቱ ናቸው። ዶሮዋ ቀኑን ሙሉ የምትውልበት መሬት ዝናብ በጣለ ጊዜ ምን እንደሚሆን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህም የተነሳ በጋውን ደህና የከረሙ ቄቦች በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ክንፋቸውን ጥለው ሲያንቀላፉና ደም የቀላቀለ ኩስ ሲጥሉ ይታያል። ቤተሰቡም «ፈንግል ገባ» ብሎ የቀሩትን ለገበያ ያወጣል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ውኃ የሚወጣበት መንገድ ባልተበጀለትና መሬቱ ባልተሸፈነ ግቢ ውስጥ ዶሮ ዘግቶ ማርባት ትርፉ ድካም ነው። ስለሆነም ቄብ ከመታደሉ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ግቢውን አይቶ ማረጋገጥ ይገባዋል። ማኅበራትም ብድር ሲሰጡና ዶሮ ሲያቀርቡ ይህንኑ እንደ ቅድመ ሁኔታ ሊይዙት ይገባል። ምክንያቱንና አሠራሩን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

«ቆላው ደረቅ ነው» ስለሚባለው

ስለ ውኃ ማፋሰስ ሲነሳ በቅድሚያ የሚሰማው መልስ «ይህ የደጋ ሰው ችግር ነው፤ እኛ ዘንድ የጠፋው ዝናብ ነው» የሚል ነው። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የሜዳው ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህም ለማሽላ እንኳ በየዓመቱ የማይተማመኑበት መጠን ነው።

ይሁን እንጂ ለዶሮ ግቢ ወሳኙ የዓመቱ ድምር አይደለም። ወሳኙ ዝናቡ የሚወርድበት ሁኔታ ነው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ዋናው ዝናብ ግን በሐምሌና በነሐሴ በጥቂት ኃይለኛ ዶፎች ተጠቃሎ ይወርዳል። በዚያ ላይ ከምዕራቡ ተራራ ሰንሰለት የሚነሱት እንደ ጎሊና፣ ሆርማትና ጎቡ ያሉ ወንዞች ደጋ የዘነበውን ጎርፍ ይዘው ወደ ሜዳው ይደርሳሉ። ሜዳው ዝናብ ባልጣለበት ቀን እንኳ ጎርፍ ሊያድርበት ይችላል።

አፈሩም ይታሰብ። የሜዳው አፈር ከፊሉ ወንዝ ያመጣው ደለል፣ ከፊሉም ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በግንቦት እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውኃን ወደ ታች አላሳልፍ ይላል። በግንቦት አቧራው የሚቦነነውን ግቢ አይቶ «ይህ ለዶሮ የተመቸ ነው» ብሎ የፈረመ ሠራተኛ፣ በሐምሌ ተመልሶ ቢያየው ያው ግቢ መሆኑን ይጠራጠራል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጣሪያ ውኃ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንድ ዶፍ ሲወርድ 1,200 ሊትር፣ ማለትም 60 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ይፈስሳል። የዶሮ ቤት ደግሞ ግድግዳ ለመቆጠብ ሲባል ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ተለጥፎ በዚያው ጠርዝ ሥር ሲሠራ ይታያል። እንዲህ ያለው ቤት በደረቅ አገር ውስጥ ሆኖ እንደ ወንዝ ዳር ይረጥባል።

ችግሩ ለምን አሁን ጎላ?

«አባቶቻችን ያለ ቦይና ያለ ጉዝጓዝ ዶሮ አርብተው የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። እውነት ነው፤ አርብተዋል። ነገር ግን የአበሻ ዶሮ የምትውለው በአንድ ቦታ ላይ አልነበረም። ጠዋት ትለቀቃለች፤ በአውድማው፣ በማሽላው ጥግና በጎረቤት ደጅ እየጫረች ትውላለች፤ ሲዘንብ ደረቅ ቦታ ራሷ ፈልጋ ትጠለላለች። ኩሷም በሰፊ መሬት ላይ ተበትኖ ፀሐይ ይመታዋል። የምትሰጠው እንቁላል ግን በዓመት ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው።

የተሻሻሉ ዝርያዎችን ወደ ገበሬው የማድረስ ጥረት በአገራችን የቆየ ነው። ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን በመሳሰሉ ዝርያዎች ተጀምሮ፣ ዛሬ ቦቫንስ ብራውን፣ ሳሶና ኮይኮክ የሚባሉት በየገበሬው ቤት ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዶሮን ከዋነኞቹ ዘርፎች አንዱ አድርጎ ይዞታል። በራያ ቆቦ በኩል ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተፈራረቀው ጦርነት ከብቱንና ዶሮውን ያሳጣው ቤተሰብ ብዙ በመሆኑ፣ ቶሎ የምትደርሰው ዶሮ መልሶ ለመቋቋም የመጀመሪያዋ እርምጃ ሆናለች።

እነዚህ ዶሮዎች በገንዘብ የተገዙ ናቸው። ስለዚህ ከሌባ፣ ከጭልፊትና ከጎረቤት ጠብ ለመጠበቅ በአጥር ይዘጋባቸዋል። ነገሩ የሚለወጠውም እዚህ ላይ ነው። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ኩስ ትጥላለች። አሥር ዶሮዎች በአንድ ወር 30 ኪሎ ግራም ያህል ይጥላሉ ማለት ሲሆን፣ የዚህም ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው። ቀድሞ በመንደሩ ሁሉ ይበተን የነበረው አሁን በአንድ ጠባብ አጥር ውስጥ ይከማቻል። ዶሮዋን ዘግተን መሬቱን ካልተንከባከብን፣ ሸክሙን ጨምረን መሸከሚያውን አላጠናከርንም።

እርጥብ መሬት የሚያስከትለው ጉዳት

1ኛ. ኮክሲዲዮሲስ። ይህ በሽታ የሚመጣው በዓይን በማይታዩና ከታመመች ዶሮ ኩስ ጋር በሚወጡ ጥቃቅን ተውሳኮች ነው። ተውሳኩ እንደወጣ ወዲያው በሽታ አያስተላልፍም፤ ለመብሰል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ያስፈልገዋል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለበት እርጥብ መሬት ላይ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይበስላል። የራያ ቆላ ክረምት ይህን ሙቀት በነጻ ይሰጣል። እኛ ልንከለክለው የምንችለው እርጥበቱን ብቻ ነው። በደረቅና ፀሐይ በሚያገኘው መሬት ላይ ብዙው ተውሳክ ሳይበስል ይሞታል። በበሽታው ይበልጥ የሚጎዱት ገና ያልለመዱ ጫጩቶችና ቄቦች ናቸው። የ45 ቀን ዶሮ በሐምሌ የሚያድል መርሐ ግብር በጣም ተጋላጭ የሆነውን ዕድሜ በጣም እርጥብ ከሆነው ወር ጋር ያገናኛል።

2ኛ. የሆድ ትላትል። የወስፋት እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ በሁለትና በሦስት ሳምንት ለመተላለፍ ይደርሳል፤ ከዚያም ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። ዶሮዋ ትበላለች፣ ነገር ግን አትወፍርም፣ እንቁላልም አትጥልም።

3ኛ. የመተንፈሻና የእግር ሕመም። እርጥብ ኩስ ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ጎንበስ ብሎ የገባን ሰው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለምታድርበት ዶሮ ምን ያህል እንደሚከፋ መገመት አያዳግትም። ጭቃው በእግሯ መዳፍ ላይ እየደረቀ ሲጋገርም ቁስል ያወጣል።

4ኛ. የቆሸሸ እንቁላል። በጭቃ እግር የተረገጠ እንቁላል ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ሲታጠብም ተፈጥሮ የሰጠችው መከላከያ ልባስ ስለሚለቅ ቶሎ ይበላሻል።

5ኛ. ወባ። ቆቦ የወባ አገር ነው። በግቢ ውስጥ የሚያቁር ውኃ ለትንኝ መራቢያ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ የዶሮ ግቢን ማንጣፈፍ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአንድነት ሊመክሩበት የሚገባ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ፈንግልን የሚከላከለው ክትባት ነው፤ ቦይ አይከላከለውም። ግቢውን ያደረቀ ሰው ክትባቱን ልተወው ቢል ዶሮዎቹን በአንድ ሳምንት ሊያጣ ይችላል። እንዲሁም ክትባቱን አስከትቤያለሁና ጭቃው ምን ያደርገኛል የሚል ሰው፣ ከፈንግል የተረፉትን በኮክሲዲዮሲስ ያጣል። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና አንዱ ሌላውን አይተካም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት አለበት፤ አለበለዚያ በጭቃ የሞተችው ዶሮ በክትባቱ ላይ ታሳብባለች፤ በሚቀጥለው ዘመቻ የሚያስከትበው ሰው ይቀንሳል።

የራያ ገበሬ ስለ ጎርፍ ያለው እውቀት

ስለ ውኃ ማፋሰስ ለራያ ገበሬ ከመጀመሪያው ማስተማር አያስፈልግም። ከወንዙ የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው ሲያስገባ የኖረ ሕዝብ ነው። ውኃው በየትኛው ማዕዘን ቢጠለፍ ቦዩን እንደማይንድ፣ ምን ያህል ተዳፋት ቢሰጠው አፈር እንደማያጥብ፣ ለማን በስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚያውቁና የሚዳኙ የውኃ አባቶችም አሉት። ይህን እውቀት ከማሳው ወደ ግቢው ማምጣት ብቻ ይበቃል። በማሳው ጎርፉን ና የሚለው ሰው፣ በግቢው እለፍ ሊለው ይችላል።

ልዩነቱ አንድ ነው። ማሳ ላይ የገባ ውኃ እዚያው ይጠጣል፤ ከግቢ የወጣ ውኃ ግን መድረሻ ይፈልጋል። በመንደር ውስጥ አጥር ለአጥር ተያይዘው በሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል አንዱ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ወደ ጎረቤቱ ቢለቅ፣ የራሱን ዶሮ አድኖ የጎረቤቱን ይገድላል፤ ጠቡም ከዶሮዋ ዋጋ በላይ ይሆናል። በመሆኑም የዶሮ ግቢ ውኃ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በአንድ መንደር አምስትና ስድስት ቤተሰቦች ዶሮ የሚወስዱ ከሆነ፣ በቅድሚያ የውኃ አባቱና የማኅበሩ ኮሚቴ ባሉበት ከላይ እስከ ታች ተዘዋውሮ የጋራ መውረጃ መወሰን ያስፈልጋል። ይህ በማኅበር ካልሆነ በግል የማይሠራ ነው።

ግቢውን የማዘጋጀት ሥራ

ሥራው በልጉን ለመቅደም በጥር፣ ክረምቱን ለመቅደም በግንቦት ቢጠናቀቅ መልካም ነው። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ውኃው የሚያርፍበትን ማወቅ። ከሁሉ የሚበልጠው ከዶፍ ማግሥት ግቢውን ማየትና ውኃ ባቆረበት ሁሉ ችካል መትከል ነው። በበጋ ከሆነ ሁለት ጀሪካን ውኃ ከግቢው ከፍተኛ ቦታ ላይ ማፍሰስና አካሄዱን መከታተል ይቻላል። የቤቱን እመቤት «ባለፈው ክረምት ውኃው የት ድረስ ደረሰ?» ብሎ መጠየቅም ከማንኛውም መለኪያ አያንስም።

ለ. ከውጭ የሚመጣውን መመለስ። ከግቢው በላይ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። የሚወጣው አፈር ከቦዩ በታች በኩል ይደልደል። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ በተለይ ደለል አፈር ላይ ቦዩ ራሱ ገደል ይሆናል። ዶሮ ቦይ ውስጥ መጫርና መታጠብ ስለምትወድ፣ ቦዩ ከአጥሩ ውጭ ይሁን ወይም በድንጋይ ይሸፈን።

ሐ. የጣሪያውን ውኃ መያዝ። አሸንዳ ተሠርቶ ውኃው ወደ በርሜል ቢገባ ግቢውም ይደርቃል፣ ዶሮዎቹም የሚጠጡት ያገኛሉ። አሥር ዶሮዎች በቀን እስከ ሦስት ሊትር ያህል ቢጠጡ፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ወር ያህል ይዘልቃል። ሙቀት ሲበረታ ግን የሚጠጡት ይጨምራል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን የሚያጥብ ስለሆነ ይደፋ፤ በርሜሉም ይከደን። አሸንዳ መሥራት ካልተቻለ የዶሮ ቤቱ ከጣሪያው ጠርዝ ይራቅ።

መ. ወለሉን ከፍ ማድረግ። የማደሪያው ወለል ያለፈው ክረምት ውኃ ከደረሰበት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በዋልካ መሬት ላይ ብዙዎች ጉድጓድ ቆፍረው አሸዋ ይሞሉበታል። ይህ አይጠቅምም፤ ዋልካው ውኃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ይሞላና አሸዋው ከርሞ እርጥብ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር መሬቱን ሳይቆፍሩ በላዩ ላይ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ መደልደል ነው። አሸዋና ጠጠር ደግሞ ወንዞቹ በየዓመቱ ያመጡልናል።

ሠ. የበሩን ፊት ማጠንከር። ዶሮዎች አብዝተው የሚረግጡትና ኩስ የሚጥሉት ከማደሪያው በር ፊት ለፊት ባለው ሁለት ሜትር ያህል ቦታ ነው። ይህ ቦታ ምንም ዓይነት ሣር አይችለውም። ስለዚህ በድንጋይና በጠጠር ይነጠፍ፤ በየጊዜውም ይጠረግ።

ረ. የሚወጣውን ውኃ መጠቀም። ከግቢው የሚወጣው ውኃ የኩስ ፍግ የተቀላቀለበት ነው። ወደ መጠጥ ውኃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ እንዳይደርስ ጥንቃቄ ይደረግ። በፓፓያ፣ በማንጎ ወይም በጌሾ ሥር ቢመራ ለተክሉ ይጠቅማል። ጥሬ ለሚበሉ ቅጠላ ቅጠሎች ግን አይሆንም። ተጠርጎ የሚወጣውም ኩስ ትኩስ እንደሆነ ተክል ያቃጥላልና፣ ከገለባ ጋር ተከምሮ ሁለትና ሦስት ወር ከበሰለ በኋላ ይጨመር።

ስለ ጉዝጓዝና ስለ ሣር

መሬቱ ውኃ ከወጣለት በኋላ መሸፈን አለበት። ባዶ መሬት በበጋ ይግላል፣ አቧራ ይሆናል፤ በክረምት ይጨቀያል። ሽፋኑ ሁለት ዓይነት ነው፤ በማደሪያውና በበሩ አካባቢ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ በቀረው ግቢ ላይ ሕያው ሣር።

ለጉዝጓዝ በአካባቢው የሚገኙት የጤፍ ገለባ፣ የማሽላ እብቅ፣ ተቆራርጦ የደቀቀ የማሽላ አገዳና ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚወጣ ሰጋቱራ ናቸው። ሁሉም እኩል አይደሉም። የጤፍ ገለባ ደቃቅ ስለሆነ ሲረጥብ ይጋገራል፤ ብቻውን ከመጠቀም ይልቅ ከእብቅ ጋር ቢደባለቅ ይሻላል። ሰጋቱራም ሻካራው እንጂ ዱቄት የሚመስለው አይመረጥም። ዝናብ የመታውና ሻጋታ የያዘ ገለባ ፈጽሞ አይጎዝጎዝ፤ ሻጋታው የዶሮዋን ሳንባ ያጠቃልና። እንዲሁም ብዙዎች ቅንጬ አረም የሚሉት ፓርቴኒየም ያበበው ተነቅሎ ለጉዝጓዝ እንዳይውል መከላከል ያስፈልጋል። ፍሬው ከፍጉ ጋር ወደ ማሳ ይሄዳል፤ የሚነካውንም ሰው ቆዳ ያሳክካል።

የጉዝጓዙ ውፍረት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ደረቅነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። እፍኝ ጉዝጓዝ ጨብጦ መልቀቅ ነው። ተጨብጦ ሲለቀቅ የሚበተን ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ጭብጦ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧልና እርጥቡ ተነስቶ በደረቅ ይተካ። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ በመንሽ መገልበጥም ዕድሜውን ያረዝማል።

እዚህ ላይ «ገለባውና አገዳው ለከብቱ አልበቃም፤ ለዶሮ ከየት ይምጣ?» የሚለው ቅሬታ እውነተኛ ነው። አገዳ በራያ መኖም፣ ማገዶም፣ የቤት መሥሪያም ነው። በሬ ርቦት ለዶሮ ገለባ ጎዝጉዝ ብሎ መምከር ገበሬውን አለማወቅ ነው። ነገር ግን አሥር ዶሮ የምታድርበት ሦስት ካሬ ሜትር ያህል ወለል የሚፈልገው ጥቂት ከረጢት ብቻ ነው። ከብት አፍ የማይነካውና በአውድማ ላይ ነፋስ የሚወስደው እብቅ ይህን ሊሸፍን ይችላል። አስቸጋሪው መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው፤ እብቁ የሚገኘው በታኅሣሥና በጥር ሲወቃ፣ የሚፈለገው በሐምሌ ነው። በመካከሉ ስድስት ወር በደረቅ ቦታ ማቆየት ያስፈልጋል።

ለሕያው ሽፋን ከሰርዶ የሚሻል ማግኘት ያስቸግራል። ድርቅ ይችላል፣ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ሲጫር ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። በዝናብ መግቢያ ላይ ከቦይ ዳር ቆርጦ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት መትከልና ሥር እስኪሰድ ሁለት ወር ያህል ዶሮ አለማስገባት ነው። የጤፍ ገበሬ ሰርዶን እንደሚጠላ እናውቃለን፤ ስለዚህ ማሳ አጠገብ ባለ ግቢ ዙሪያውን በቦይ መክበብ ያስፈልጋል።

ሣሩ እንዲቆይ ግን እረፍት ይፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከቤት ውጭ ተለቃ ለምትውል እንቁላል ጣይ ዶሮ 4 ካሬ ሜትር መሬት ይመደባል። በዚያ እንኳ ከዶሮ ቤቱ በር አጠገብ ያለው መሬት መራቆቱ አልቀረም። ስለዚህ ለአሥር ዶሮ 40 ካሬ ሜትር ያለው ቤተሰብ ግቢውን በእሾህ አጥር ለሁለት ከፍሎ አንዱን ሲያስውልበት ሌላውን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢያሳርፍ ሣሩ ያገግማል፤ በመሬቱ ላይ ያለው ተውሳክም ይቀንሳል። ያን ያህል ቦታ የሌለው ቤተሰብ ሣሩን ትቶ ግቢውን በሙሉ በአሸዋና በጉዝጓዝ ቢሸፍን ይሻለዋል፤ ወይም ከአሥር ዶሮ አምስት ይያዝ። በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ዶሮ መያዝ እንደ ትጋት መቆጠር የለበትም።

ከልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ከማኅበራት የሚጠበቀው

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለባለሙያ አዲስ አይደለም። የጎደለው አሠራሩ ነው። የምናቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ግቢ ሳይታይ ቄብ አይሰጥ። ሠራተኛው ከዝናብ በኋላ ወይም በጀሪካን ፈትሾ ቦዩን፣ ከፍ ያለውን ወለልና ለክረምቱ የተከማቸውን ጉዝጓዝ ማየት አለበት። ይህ ለድሃው ቤተሰብ እንቅፋት እንዳይሆን ያስፈራል የሚሉ አሉ። ቦይ መቆፈርና አሸዋ ማቅረብ ግን በአብዛኛው የጉልበት ሥራ ነው፤ አቅመ ደካማና ወንድ የሌለበት ቤት ሲሆን መንደሩ በደቦ ይሠራለት። ድሃውን ይበልጥ የሚጎዳው በብድር የወሰዳት ዶሮ ሞታ ዕዳው ብቻ ሲቀርበት ነው።

ሁለተኛ፣ የማደያው ወር ይታሰብበት። የ45 ቀን ዶሮ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቢታደል በደረቁ ወራት አድጎ ለሚቀጥለው ክረምት ጠንክሮ ይደርሳል። በሰኔና በሐምሌ ማደል የሚፈቀደው ግቢው በሚገባ ለተዘጋጀ ቤተሰብ ብቻ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ማኅበራት ጉዝጓዝን እንደ ግብዓት ይቁጠሩት። ማኅበር ማዳበሪያና ዘር ያቀርባል፤ መጋዘንም አለው። በጥር እብቅ ሰብስቦ፣ ከከተማው የእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ አስጭኖ በደረቅ ቦታ አቆይቶ በሐምሌ ለአባላቱ ቢያከፋፍል ወጪው አነስተኛ ነው። አሸዋና ጠጠርም በጋራ ቢጫን ለየቤቱ በአህያ ከማመላለስ ይቀላል። ለዶሮ የሚሰጠው ብድር የግቢውን ማዘጋጃ ወጪ ጨምሮ ይታሰብ።

አራተኛ፣ ሪፖርቱ ይለወጥ። ዛሬ በብዙ ቦታ የሥራው መለኪያ የታደለው ዶሮ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሺህ ቄብ ተሠራጨ ተብሎ ይጻፋል፤ ከክረምቱ በኋላ ስንቱ እንደቀረ የሚጠየቅበት ቅጽ ግን የለም። ቁጥሩ በጥቅምት ቆሞ በሚገኘው ዶሮ ቢለካ፣ ሠራተኛው ሳይታዘዝ ቦዩን ያያል።

በመጨረሻም ምክሩ ለማን እንደሚነገር ማስተዋል ይገባል። ዶሮዋ የሴቲቱ ናት፤ እንቁላሉን ሸጣ ጨውና ዘይት የምትገዛው፣ ለልጅ ደብተር የምታወጣው እርሷ ናት። ቦዩን የሚቆፍረው ግን ብዙውን ጊዜ አባወራው ነው። ስለ ዶሮ ለሴቲቱ ብቻ፣ ስለ ቦይ ለአባወራው ብቻ የሚናገር ሠራተኛ ሁለቱን ሥራ ለያይቶ ያስቀራል። ስለዚህ ባልና ሚስት በአንድነት ግቢው ውስጥ ቆመው ውኃው የሚሄድበትን እያዩ ሊነገራቸው ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። በግንቦት በጥቂት ቀን የቤተሰብ ጉልበት የሚሠራ ቦይ በሐምሌ በመድኃኒት አይተካም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የዶሮ ጥያቄ ይዞ ወደሚመጣ ቤተሰብ ሲሄድ በቅድሚያ ወደ መሬቱ ይመልከት፤ መሬቱ ከተዘጋጀ ዶሮዋ ትከተላለች።